መሸጎጥ፦ አንዴ የተሰላን ማትሪክስ እንደገና ላለማስላት

ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው «መሸጎጫ አጽዳ» የሚል ትእዛዝ ሳያይ አይቀርም። በተለምዶ «ካሽ» የምንለው ነው። ይኸው ቃል ለስታቲስቲክስ ፕሮግራምም ይበቃናል፤ ሥራው መሸጎጥ፣ ውጤቱ የሚቀመጥበት ስፍራ መሸጎጫ። እናቶች በመቀነታቸው ጫፍ ብር እንደሚሸጉጡት፣ ሲፈለግ ወዲያው የሚገኝ ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ከቦዲቲ እስከ ሁምቦ ባሉ 1,000 ቤቶች የወባን ስርጭት ታጠናለች እንበል። የሚቀራረቡ ቤቶች የመመሳሰል ዕድላቸው ሰፊ ነውና፣ የእያንዳንዱን ሁለት ቤቶች ዝምድና የሚይዝ 1,000 በ1,000 ማትሪክስ ያስፈልጋታል፤ አንድ ሚሊዮን ቁጥር መሆኑ ነው። የማትሪክሱን ተገላቢጦሽ ለማግኘት ኮምፒውተሩ ከ2 ቢሊዮን በላይ ስሌት ይሠራል። ቤቶቹ 2,000 ቢሆኑ ደግሞ ሥራው ስምንት እጥፍ ያድጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። የስርጭቱ ሞዴል ግን ያንኑ ተገላቢጦሽ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዙሮች ሲጠይቅ ላፕቶፑ ለሰዓታት ይግላል፤ ያውም ምንም አዲስ ነገር ሳያገኝ።

«አር» በተባለው ቋንቋ መፍትሔው አጭር ነው። ማትሪክሱንና ተገላቢጦሹን አብሮ የሚይዝ ፈንክሽን ይጻፋል። ተገላቢጦሹን የሚያሰላው «ሶልቭ» ከመጠራቱ በፊት መሸጎጫው ይፈተሻል፤ ውጤቱ ካለ እሱው ይመለሳል፣ ከሌለ ይሰላና በድርብ ቀስት ምልክት ይቀመጣል።

የሚከብደው የተሸጎጠው ውጤት መቼ እንደሚጣል ማወቅ ነው። የአንዱ ቤት የጂፒኤስ ነጥብ ከታረመ ማትሪክሱ ተለውጧል፤ የተሸጎጠው ተገላቢጦሽ ግን የትናንቱ ነው። ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። የወባው ካርታ ተስሎ ይወጣል፣ ያምራልም፣ ነገር ግን ልክ አይደለም። በዚያ ካርታ አጎበር የሚከፋፈል ከሆነ የሚጎዳው ሰው ነው። ስለዚህ ማትሪክሱን የሚቀይረው ፈንክሽን ራሱ መሸጎጫውን ባዶ ማድረግ አለበት፤ ይህ ለተጠቃሚው ትውስታ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ላፕቶፑ ድንገት ሲዘጋ በሜሞሪ የተሸጎጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የ1,000 በ1,000 ማትሪክስ 8 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ ውጤቱን በፋይል ማስቀመጥ አይከብድም።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹ ራሱ አያስፈልግም። ለእንዲህ ያለው የዝምድና ማትሪክስ የቾለስኪ ክፍልፋይ የሚባለው ይበቃል፤ የስሌቱ ብዛት ከተገላቢጦሹ አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ተማሪዋ መሸጎጥ ያለባት እሱን ነው።