ባቲ፦ የገበያ ስም የማሲንቆ ዜማ ስም ሲሆን

በሠርጋችንም ሆነ በክርስትናችን ማሲንቆ ተጫዋች ከተገኘ፣ ከታዳሚው አንዱ “ባቲን በልልን!” ሳይል አይቀርም። እዚህ በስደት ሀገር የተወለዱት ልጆቻችን ግን ባቲ የቆንጆ ሴት ስም ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም። ዘፈኑ የፍቅር ነው፤ ስሙም እየተደጋገመ እንደ ሴት ስም ተቆላምጦ ነው የሚጠራው። ባቲ ግን ከተማ ናት፤ ያውም እኛን መሰል ሰዎች ያቆሟት የገበያ ከተማ።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የወሎ ደጋ አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል ያለች አፋፍ ናት ማለት ይቻላል። የገበያዋ ቀን ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውንና ጨዉን ይዞ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። የአካባቢው ኦሮሞ ባለቤትም አስተናጋጅም ነው፤ በሽመናውና በንግዱ የታወቀው አርጎባም አይጠፋም። በአንድ ሜዳ ላይ አራት ቋንቋ ይነገራል፣ ዋጋ ግን በጣትም ይግባባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ ያወጣው መንገድ ያለፈው በዚችው ከተማ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ከተዘጋብን በኋላም ከጅቡቲ በጋላፊ ገብቶ፣ በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣ ጭነት ባቲን ይረግጣል። ከእኛም ውስጥ ሻይዋን ያልጠጣ ጥቂት ነው።

ወደ ዜማው እንምጣ። የአማርኛ ዘፈን ዋና ዋና ቅኝቶች ተብለው የሚቆጠሩት አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ስሞቹን ልብ በሉ። ትዝታና አንቺ ሆዬ ዘፋኙ ከአፉ የሚያወጣቸው ቃላት ናቸው፤ አንዱ ናፍቆቱን፣ ሌላው የሚወዳትን ይጠራበታል። አምባሰልና ባቲ ደግሞ ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ናቸው። አምባሰል ተራራና አገር ነው፣ ባቲ ገበያ። አራቱም መጀመሪያ የዘፈን ስም ነበሩ። እነ አሸናፊ ከበደ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዘመን ቅኝቱን በኖታ አስፍረው ማስተማር ሲጀምሩ፣ የዘፈኑ ስም የድምፅ መሰላሉ ስም ሆኖ ጸና።

ለምን ስም አስፈለገ? ይኼን የሚመልሰው ማሲንቆው ሳይሆን ክራሩ ይመስለናል። ቅኝት የመጣው “ቃኘ” ከሚለው ግስ ነው። ክራር ዘፈን በተለወጠ ቁጥር ክሮቹ ይጠብቃሉ ወይም ይላላሉ፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ገና ሳይጀምር “ባቲ ቃኝ” ሊባል ይገባል። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ አዝማሪው ጣቱን ያዛውራል እንጂ መቃኛውን አይነካም። ጣቱ የሚያርፍበት እንጨት ስለሌለም ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ባቲ ላይ ይኼ በደንብ ይሰማል። በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብናስቀምጠው ከዶ ወደ ሚ አንድ ትልቅ ዝላይ አለ፤ ከሚ ወደ ፋ ደግሞ እፍኝ የማይሞላ ርቀት። ዘሎ ወጥቶ ወዲያው ጠጋ የሚለው ነገሩ ነው ሆድ የሚያባባው። ሚና ሲ ዝቅ ተደርገው የሚጫወቱት ሌላ፣ የከበደ ባቲም አለ። (ኬንያ ያላችሁ፣ የሉዎዎቹ ኦሩቱም እንዲሁ ባለ አንድ ክር ነው፤ ልጆቹን አንድ ቀን ወስዳችሁ አሰሟቸው።)

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው። “ባቲ የእኛ ዜማ ነው፣ የእነሱ አይደለም” የሚል ክርክር በየግብዣው እየሰማን ነው፤ አንዳንዴም ጠረጴዛ ያስለይያል። እኛ በንግድ ቋንቋ እንየው እንላለን። በንግድ ዓለም ዕቃ የሚሰየመው ሁልጊዜ በበቀለበት አይደለም፣ ገዢ ባገኘው ቦታም ነው። ሞካ የሚባለው ቡና ስሙን ያገኘው ከየመን ወደብ ነው፤ በዚያ ስም ከተሸጠው ውስጥ ግን የእኛም ቡና ነበረበት። የለቀምት ቡና ስንል በለቀምት ገበያ የተሰበሰበውን የወለጋ ቡና ማለታችን ነው፤ ግምቢ የበቀለውም ለቀምት ይባላል። የባቲም ስም እንዲህ ያለ የገበያ ስም ነው ባዮች ነን። አዝማሪ ገንዘብ ካለበት አይርቅም፤ ሰኞ ደግሞ ገንዘብ ያለው ባቲ ነው። ሸጦ ኪሱ የሞላው ሰው ጠላ ቤት ይገባል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ሲራራ ነጋዴው ዜማውን በጆሮው ይዞ ሲሄድ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ “ያንን የባቲውን” ቢል እንጂ ሌላ ምን ይለዋል? አራት ሕዝብ የሚገናኝበትን ሜዳ ስም የተሸከመ ዜማ ላይ የግል ይዞታ ካርታ ማውጣት፣ የገበያ መሐል መንገድ አጥሮ የእኔ ነው እንደማለት ነው።

ከክርክሩ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። በየግብዣው ማሲንቆው እየቀረ ኪቦርዱ ብቻ ሲመጣ፣ ባቲ የሚጫን ቁልፍ ሆነ። ቁልፉ አምስቱን ድምፆች በትክክል ይሰጣል፤ ያ መንሸራተት ግን የለም፣ ግጥም ሰጥቶ የሚቀበልም የለም። ለሠርግ የምንከፍለው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ ከዚያው ላይ ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች መመደብ አያከስረንም።

በዚያ መንገድ ሰኞ ዕለት የምታልፉ ካላችሁ ደግሞ በጠዋት ድረሱ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም፣ የግመል ተራውም ይበተናል።