ከደብዳቤ ማኅተም እስከ ፌስቡክ ገጽ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር ማንም ሰው የኢትዮጵያውያንን የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፍር ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልምና ደብዳቤው የሚጻፈውም የሚነበበውም በሌላ ሰው እጅና አንደበት ነበር። እንደ ተጂ ባለች ትንሽ ከተማ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው የስንቱን ቤት ገበና ያውቅ እንደነበር መገመት አይከብድም። ሆኖም ያ ሰው ጎረቤት ነው፤ ይሉኝታ የሚባል ዳኛ ነበረበት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንና ማባዛትን ከለከለ። ይህን አንቀጽ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የግል ሕይወትን መከበር፣ ሲገጥም፣ እዚያው አንቀጽ 26 ላይ አኖረው፤ በደብዳቤው ላይም ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያን ጨመረበት።

ሕጉ ሲሰፋ ማኅተም ሰባሪውም ረቀቀ። በ2006 ዓ.ም. ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ፍርድ ቤት በፈቀደለት «ኪዳኔ» በተሰኘ ስም፣ ፊንስፓይ በሚባል ሶፍትዌር ኮምፒውተሬን ሰልሏል ሲል የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በ2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ከዚህ የሚከፋው ግን አንድም ማኅተም ሳይሰበር የሆነው ነው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸው፣ የሥራ ቦታቸውና ሰፈራቸው ከክስ ቃል ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሜ አመልክቻለሁ ይላል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አባቱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ከቀብር በኋላ እንደሆነ በክሱ ተጽፏል። እዚህ ላይ የሚያስደነግጠኝ፣ ከወጣው ዝርዝር አብዛኛው በራሱ ምሥጢር አለመሆኑ ነው፤ የመምህርን ሰፈር ተማሪውም ጎረቤቱም ያውቀዋል። አንድ ላይ ተሰብስቦ በቁጣ ለተሞላ ሕዝብ ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ልጁ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የአካባቢያችንን ጽሑፎች የሚያጣሩ ሠራተኞች እዚያ ነበሩና። ሜታም የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ። አገራችን በበኩሏ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ያወጣችው በ2016 ዓ.ም. ነው። እኛ ባንክ ቤት የምንሠራ ሰዎች የደንበኛን ሒሳብ ለሌላ ብንነግር በማግሥቱ ማን እንደሚጠይቀን እናውቃለን። እዚህ ግን ጠያቂው የትኛው አገር ዳኛ እንደሆነ ለመወሰን ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ፦ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።