በንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረ ሠራዊት

ያሸንፋል ተብሎ ፈጽሞ ያልተገመተ፣ ግን ያሸነፈ ሕዝብ በታሪክ ማን ነው? ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር ከእኛ መካከል ዐድዋን የማይጠራ የለም። እኔም ዐድዋን ሳስብ ልቤ በኩራት ይሞላል። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ ሲዘምቱ የቆየ ዙፋን፣ ጦር ይዘው የተከተሏቸው መኳንንት፣ ጠመንጃና መድፍ ነበራቸው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው ሠራዊታቸውም በቁጥር ከጣሊያን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. በ1939 የሶቪየት ኅብረትን ወረራ ለ105 ቀናት ስትመክት መንግሥትና የሠለጠነ ጦር ነበራት።

እኔ የምመዝነው ሕዝቡ ሲነሳ በእጁ ምን ነበረው ብዬ ነው። በዚህ ሚዛን ሄይቲን የሚስተካከላት አላገኘሁም።

ሄይቲ ያኔ ሳን ዶማንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። አውሮፓ ከሚጠጣው ቡና ከግማሽ በላይ፣ ከስኳሩም 40 በመቶ ያህሉ ከዚያ ይጫን ነበር። ሸንኮራውን የሚቆርጡት 500,000 ገደማ ባሮች ናቸው። ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይበልጣሉ፤ ግን አብዛኞቹ ከአፍሪካ ከየአቅጣጫው በመርከብ ታጭቀው የመጡ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ ሰዎች ናቸው። አገር የላቸውም፣ ንጉሥ የላቸውም። በእርሻው ባለቤት መዝገብ ላይ ስማቸው ከነዋጋቸው፣ ከበቅሎው ጋር ነው የሚጻፈው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1791 በሰሜኑ ሜዳ ባሮቹ ተነሥተው የሸንኮራውን እርሻ በእሳት አጋዩት። ከዚያ እሳት ውስጥ ቱሳን ሉቨርቱር የሚባል፣ በባርነት ተወልዶ የሠረገላ ነጂ የነበረ ሰው ወጣ። ቅኝ ግዛቷን ሊነጥቅ የመጣውን የእንግሊዝ ጦር አድክሞ በ1798 አስወጣው።

በ1802 ናፖሊዮን ቅኝ ግዛቷን መልሶ ለመያዝ የእህቱን ባል ጄኔራል ለክሌርን ከ20,000 ያህል ወታደር ጋር ላከ። ክሬት አ ፒዬሮ በተባለው ምሽግ የተከበቡት ጥቁሮች ሌሊት ሌሊት የፈረንሳይን አብዮት መዝሙሮች ይዘምሩ ነበር። ከበባው ላይ የነበረው የፈረንሳዩ ጄኔራል ላክሯ በኋላ እንደጻፈው፣ ወታደሮቹ ይህን ሲሰሙ ፍትሕ ከጠላታችን ጋር ይሆን እንዴ እያሉ ተጠራጠሩ። እኔን ከመድፉ ሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ይህ ነው።

ቱሳን ለንግግር ተብሎ ተጠርቶ ተያዘ፤ በዡራ ተራሮች ብርድ ውስጥ ፎር ደ ዡ በሚባል ምሽግ ታስሮ ሚያዝያ 1803 ሞተ። ያን ጊዜ ግን ናፖሊዮን በሌላዋ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በጓድሉፕ ባርነትን መልሶ መትከሉ ተሰምቶ ነበርና ከፈረንሳይ ጎን የቆሙት ጥቁር መኮንኖች ሳይቀሩ ሸፍተው የቱሳን ጄኔራል በነበረው በደሳሊን ሥር ተሰለፉ።

ኅዳር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር በተባለ ስፍራ በተደረገው ውጊያ ፍራንስዋ ካፑዋ የተባለው መኮንን ፈረሱ በመድፍ ሲወድቅበት ሰይፉን መዝዞ በእግሩ ወደፊት ሮጠ። የፈረንሳዩ አዛዥ ሮሻምቦ ተኩስ አስቁሞ፣ ፈረሰኛ ልኮ ለጀግንነቱ አድናቆቱን ገለጸለት ይባላል፤ ከዚያ ውጊያው ቀጠለ፤ ፈረንሳውያኑም ተሸነፉ። ጥር 1 ቀን 1804 ሄይቲ ነጻነቷን አወጀች።

ድሉን ለቢጫ ወባ የሚሰጡ አሉ። በሽታው ለክሌርን ራሱን ጨምሮ ብዙ ሺህ ፈረንሳውያንን መፍጀቱ እውነት ነው። ቱሳን ግን ገና ከጅምሩ ዝናቡ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ያኔ ጠላት ይመናመናል ብሎ ለደሳሊን ጽፎለት ነበር። አገሩን እንዲህ አውቆ መዋጋት የጦር ስልት ነው እንጂ ዕድል አይባልም። በ1804 በቀሩት ፈረንሳውያን ላይ ደሳሊን ያስፈጸመውን ጭፍጨፋ ግን ላስተባብል አልችልም።

ይህ ድል ይቅር አልተባለም። በ1825 ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ ለቀድሞ ባለ እርሻዎች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠየቀ፤ ባሮቹ ራሳቸው የተገመቱበት ዋጋም በሒሳቡ ውስጥ ነበረ። ያ ገንዘብ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም ሄይቲ ካሳውንና ለካሳው የተበደረችውን ከፍላ የጨረሰችው በ1947 ነው።

ታሪካቸው ከእኛም ጋር ይገናኛል፤ በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ እንዳንሆን እንፍራ ሲሉ አስጠነቀቁ። ኔሙር የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ፤ ከዚያ ቀደም ስለ ቱሳን እስርና ሞት መጽሐፍ አሳትመዋል።