የፍቅር ፊልም በሠርግ ሳያበቃ ሲቀር፦ የ«ሻዶውላንድስ» የታሪክ አወቃቀር

አብዛኞቹ የፍቅር ፊልሞች የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው። ወንድና ሴት ይገናኛሉ፤ ይዋደዳሉ፤ አንድ እንቅፋት መጥቶ ይለያያቸዋል። በመጨረሻም እንቅፋቱ ይወገድና ሠርግ ይሆናል፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ያበቃል። ከሠርጉ በኋላ ስለሚመጣው ኑሮ፣ ስለ ሕመሙና ስለ ሐዘኑ ግን የሚነግረን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሻዶውላንድስ» (ትርጉሙ «የጥላ ምድር» ማለት ነው) ከእነዚህ ይለያል። በውስጡ ሁለት ጋብቻዎች አሉ፤ ሁለቱም ግን የፊልሙ መጨረሻ አይደሉም። ታሪኩ የሚከብደው ሌሎች ፊልሞች በሚያበቁበት ቦታ ላይ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የፊልሙን ታሪክ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። መጨረሻውንም ስለምንናገር፣ ፊልሙን ሳታውቁት ማየት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ እዩት።

ስለ ፊልሙ

ፊልሙ የሚተርከው ስለ እንግሊዛዊቷ ኦክስፎርድ ከተማ መምህርና ስለ «ናርኒያ» መጻሕፍት ደራሲ ስለ ሲ. ኤስ. ሉዊስ (1898–1963) እና ስለ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ጆይ ዴቪድማን (1915–1960) ነው። ታሪኩን የጻፈው ዊልያም ኒኮልሰን ሲሆን፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለቢቢሲ ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም በ1989 ለመድረክ ቴአትር፣ በመጨረሻ ለሲኒማ አዘጋጅቶታል። የ1993ቱን ፊልም ያዘጋጀው ሪቻርድ አተንቦሮ ነው። አንቶኒ ሆፕኪንስ ሉዊስን፣ ዴብራ ዊንገር ደግሞ ጆይን ሆነው ተውነዋል። ዊንገር በዚህ ሥራዋ ለኦስካር ሽልማት ታጭታለች።

የታሪክ አወቃቀር ስንል

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ሴራ» ወይም «ትልም» የሚባል ነገር አለ። ይህ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ ነው። «ሰውዬው አገባ፤ ሚስቱ ታመመች» ብንል ሁለት ወሬ ብቻ ነው። «ሚስቱ ስለታመመች እንደሚወዳት አወቀ» ብንል ግን ትልም ሆነ፤ አንዱ ድርጊት ሌላውን ወለደ። በፍቅር ድራማ ውስጥ ደራሲው የሚመልሰው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ ፍቅሩን የሚፈትነው ምንድን ነው? ፈተናውስ ሰውየውን እንዴት ይለውጠዋል?

የታሪኩ ደረጃዎች

1. መነሻ፦ መልስ ያለው ሰው

ታሪኩ ሲጀምር ሉዊስ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ያላገባ፣ ከወንድሙ ከዋርኒ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በአዳራሽ ቆሞ እግዚአብሔር መከራን ለምን እንደሚፈቅድ ያስተምራል። መከራ ቀራጺ ድንጋይን እንደሚጠርብበት መሣሪያ እንደሆነ ያስረዳል። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ሕዝቡም ይደሰታል። ተመልካቹ ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይህ ሰው ስለ ሕመም የሚናገረው ከሩቅ ሆኖ ነው።

2. መገናኘት፦ የማትፈራው ሴት

ጆይ ከአሜሪካ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ በኋላም ልጇን ዳግላስን ይዛ ኦክስፎርድ ትመጣለች። እንደ ሌሎቹ አድናቂዎች አታጎነብስለትም፤ ትጠይቀዋለች፣ ትሞግተዋለች። በታሪኩ ሂደት አንድ ከባድ እውነት ትነግረዋለች። ማንም ሊነካው እንዳይችል አድርጎ ሕይወቱን እንዳዘጋጀ፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ከእርሱ የሚያንሱ ወይም በእጁ ሥር ያሉ እንደሆኑ በግልጽ ትነግረዋለች። የታሪኩ እውነተኛ ግጭት ይህ ነው። በብዙ ፊልሞች ፍቅረኛሞችን የሚለየው ቤተሰብ ወይም ድህነት ነው። እዚህ ግን እንቅፋቱ ሰውየው በራሱ ላይ የዘጋው በር ነው።

3. የመጀመሪያው ጋብቻ፦ ፊርማ ብቻ

ጆይ ከባለቤቷ ጋር ትለያያለች። በእንግሊዝ አገር መኖር እንድትችል ሉዊስ በመንግሥት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ያገባታል። ለእርሱ ይህ ለወዳጅ የተደረገ ውለታ ነው። ከፊርማው በኋላ እርሱ ወደ ቤቱ፣ እርሷም ወደ ቤቷ ይሄዳሉ፤ ለጓደኞቹም አይናገርም። ወረቀቱ አለ፤ ልቡ ግን ገና አልመጣም።

4. መዞሪያው፦ ሕመም

አንድ ቀን ጆይ ስልክ ለማንሣት ስትሄድ እግሯ ተሰብሮ ትወድቃለች። ሐኪሞች ካንሰር አጥንቷን እንደበላው ይናገራሉ። ሉዊስ ምን ያህል እንደሚወዳት የሚያውቀው ሊያጣት መሆኑን ሲሰማ ነው። በሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ሆኖ እንድታገባው ይጠይቃታል፤ ካህን ተጠርቶም በእግዚአብሔር ፊት ይጋባሉ። የመጀመሪያው ጋብቻ ጤና እያለ ያለ ፍቅር የተፈጸመ ነበር። ሁለተኛው በሞት ጥላ ሥር፣ በሙሉ ልብ ሆነ። ደራሲው ሁለቱን ጋብቻዎች እንድናነጻጽር አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው።

5. የደስታ ጊዜ፦ ሸለቆው

ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ይላል። ሉዊስ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሸለቆ ሥዕል አለው፤ በልጅነቱ መንግሥተ ሰማይን ይመስለው ነበር። ሁለቱ በሄርፎርድሺር ያለውን ያንን ወርቃማ ሸለቆ ሊያዩ ይሄዳሉ። ዝናብ ሲመጣ ተጠልለው ሳሉ ጆይ ስለ ሞቷ ታነሣለች። እርሱ ስለዚያ ማውራት አይፈልግም። እርሷ ግን የሚመጣው ሕመም የዛሬው ደስታ ክፍል መሆኑን ታስረዳዋለች። የፊልሙ ሐሳብ ሁሉ የታሰረው በዚህ ትዕይንት ነው፤ የተቀመጠውም ከሞቷ በፊት ነው። ስለዚህ ሞቷ ሲመጣ ተመልካቹ ትርጉሙን ቀድሞ ሰምቷል።

6. ጡዘቱ፦ መልስ ያጣ ሰው

ጆይ ትሞታለች። ወዳጆቹ ሊያጽናኑት ሲሞክሩ ሉዊስ ይቆጣል። በመጀመሪያ እርሱ ራሱ በአዳራሽ ይናገር የነበረው ዓይነት ቃል አሁን ወደ እርሱ ይመለሳል፤ አልረዳውም። ይህን ስናይ የኢዮብን ወዳጆች እናስታውሳለን። ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር የተቀመጡበት ጊዜ (ኢዮብ 2) በኋላ ከተናገሩት ብዙ ቃል ይልቅ ይሻል ነበር።

7. መፍትሔው፦ ከልጁ ጋር ማልቀስ

ፊልሙ ቀደም ሲል ዳግላስ በሰገነቱ ላይ ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ እንደ ናርኒያ ታሪክ ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባ እንደሆነ ሲሞክር አሳይቶናል። በውስጡ ያገኘው ባዶ እንጨት ነበር። ከእናቱ ሞት በኋላ ሉዊስ እዚያው ሰገነት ላይ አጠገቡ ይቀመጣል። እርሱም በልጅነቱ እናቱን እንዳጣ፣ ጸልዮም እንዳልዳነችለት ይነግረዋል። ከዚያም ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ስብከት የለም፤ ማብራሪያም የለም። በመነሻው ማንም የማይነካው ሰው አሁን ሕፃን ልጅ አቅፎ ያለቅሳል። ትልሙ የተዘጋው እዚህ ነው።

ከእውነተኛው ታሪክ የሚለይበት

ፊልም ጊዜው አጭር ስለሆነ አንዳንድ ነገር ይቆርጣል። የተቆረጠውን ማወቅ ለተመልካች ይጠቅማል።

- ጆይ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ዴቪድና ዳግላስ። ፊልሙ አንዱን ብቻ ያሳያል። በዚህ ምክንያት የሰገነቱ ትዕይንት ጠንክሯል፤ የአንድ ልጅ ሐዘን ግን ከታሪኩ ወጥቷል።

- ሉዊስ ከ1955 ጀምሮ የሚያስተምረው በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፊልሙ ግን በኦክስፎርድ ብቻ ያቆየዋል።

- ሁለቱ የተፈራረሙት በአፕሪል 1956፣ በሆስፒታል የተጋቡት በማርች 1957 ነበር። የሆስፒታሉን ጋብቻ የፈጸመው ፒተር ባይድ የተባለ የእንግሊካን ካህን ነው። ባይድ የመጣው እጁን ጭኖ ሊጸልይላት ነበር። ከዚያ በኋላ ጤናዋ ተመልሶ በእግሯ ሄዳለች፤ በ1960ም ከሉዊስ ጋር እስከ ግሪክ ተጉዛለች። በዚያው ዓመት በጁላይ አረፈች። ፊልሙ የዚያን ጸሎት ታሪክ አያነሣም።

- በፊልሙ መጨረሻ ሉዊስ መልስ የለኝም ይላል። እውነተኛው ሉዊስ ሐዘኑን በ1961 በብዕር ስም ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ መራራ ጥያቄዎቹን ሳይደብቅ አስፍሯል፤ ነገር ግን በጥያቄው አልቀረም። ቀስ በቀስ ወደ እግዚአብሔር ሲመለስ ይታያል። ከዚያም በኋላ ስለ ጸሎት ሌላ መጽሐፍ ጽፏል፤ እርሱም ከሞተ በኋላ በ1964 ታትሟል።

ይህ የመጨረሻው ልዩነት ትልቁ ነው። ድራማ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ መሄድን ይወዳል፤ ስለዚህ ፊልሙ ሉዊስን «ሁሉን ከሚያውቅ» ወደ «ምንም ወደማያውቅ» ወሰደው። በሕይወት ውስጥ ግን እምነትና ልቅሶ አብረው ይኖራሉ። ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል (ዮሐንስ 11)።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

የፍቅር ፊልም ስናይ ሠርጉ የተቀመጠበትን ቦታ እንመልከት። ሠርጉ መጨረሻው ላይ ከሆነ፣ ፊልሙ የሚነግረን ስለ ማግኘት ብቻ ነው። መካከል ላይ ከሆነ ግን ስለ መጠበቅና ስለ ማጣትም ይነግረናል። ለትዳር የሚዘጋጁ ወጣቶች የመጀመሪያውን ዓይነት ብዙ አይተዋል፤ ሁለተኛው ያንሳቸዋል። «በሕመምም በጤናም» ብለው በመሠዊያው ፊት የሚገቡት ቃል ኪዳን የሚፈተነው እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ ነው።

ለቅሶ ቤት ስንሄድም ይህን ፊልም ብናስታውስ መልካም ነው። ለሐዘንተኛው የተዘጋጀ መልስ ይዘን ከመግባት አጠገቡ ቁጭ ማለት ይበልጣል። ሉዊስ ለዳግላስ ያደረገለት ይህንኑ ነው።