የቀዝቃዛው ውሃ ከተማና ቱቦ ያልደረሰባቸው መንደሮች

ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። ማሳዮች ከብቶቻቸውን ያጠጡበት የነበረውን ይህን ረግረጋማ ሥፍራ በቋንቋቸው «ቀዝቃዛ ውሃ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ሠፈር የተተከለው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ለሐዲድ የተመቸው ሜዳ ግን ለፍሳሽ አልተመቸም። በ1902 ቸነፈር በተነሣ ጊዜ ሹማምንቱ መፍትሔ ያሉት የህንዶቹን ገበያ በእሳት ማጋየት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የንጽሕና ጉዳይ ከዘር ጉዳይ ጋር ተቆራኘ። በ1913 ከተማዋን የመረመሩት ፕሮፌሰር ሲምፕሰን የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪም፣ ነጮች፣ እስያውያንና አፍሪካውያን ተለያይተው እንዲኖሩ በጤና ስም መከሩ። ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣች በኋላ በምሥራቅ በኩል በሩዋይ ሰፋፊ የማጣሪያ ኩሬዎች ተሠሩ። ይሁን እንጂ እንደ ኪቤራ፣ ማታሬና ሙኩሩ ያሉት መንደሮች በአብዛኛው ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። በጨለማ ወደ ሩቅ መጸዳጃ መሄድ የፈራ ሰው በፌስታል ተጠቅሞ የሚወረውረው፣ «በራሪ ሽንት ቤት» የተባለው መላ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይማሩ የነበሩ ወጣቶች «ሳነርጂ» በሚል ስም ያቀረቡት ዕቅድ የተቋሙን የ100 ሺህ ዶላር ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሥራቸውን በሙኩሩ ጀመሩ። ሐሳባቸው ቱቦ የማይጠብቅ መጸዳጃ ነበር። ሽንትና ዓይነ ምድር ተለያይተው በሚዘጉ ዕቃዎች ይጠራቀማሉ፤ ሠራተኞች በየጊዜው በጋሪ ያነሷቸዋል። ዓይነ ምድሩ ተብላልቶ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል፤ «ጥቁር ወታደር» የሚባለው ዝንብ እጭም በዚሁ ተመግቦ ለእንስሳት መኖ ይውላል። መጸዳጃውን ገዝተው የሚያስተዳድሩት የመንደሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ነበሩ።

ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እንደ ናይሮቢ ሁሉ ስሟን ከውሃ ባገኘችው በአርባ ምንጭ፣ በ1986 የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከ2006 እስከ 2010 አርባ ምንጭ፣ የኬንያዋ ናኩሩ፣ የታንዛኒያዋ አሩሻና የዩጋንዳዋ ኪትጉም በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ «ሮሳ» በተባለ አንድ ፕሮጀክት ተሳስረው ነበር። የአርባ ምንጭ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጥናታቸውን በከተማዋ መጸዳጃዎች ላይ ሠርተዋል። ከተሞከሩት አንዱ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ሲሆን፣ ሲሞላ አፈር ይለብስና ዛፍ ይተከልበታል።

ከሁለቱም ታሪክ የምንማረው አንድ ነው። ተማሪ ይመረቃል፤ ጉድጓዱ ግን መሙላቱን አይተውም። ንድፍ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዕቃውን በየጊዜው የሚያነሣ፣ ደመወዙን የሚከፍልና ማዳበሪያውን የሚገዛ ከሌለ ዕድሜው አጭር ነው። የተማሪዎቹ ውለታ የሚጸናው ነዋሪውና ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን የራሳቸው ሲያደርጉት ነው።

ጉዳዩ የሙኩሩ ብቻ አለመሆኑንም ወንዙ ይመሰክራል። በመንደሩ አጠገብ የሚያልፈው የንጎንግ ወንዝ ከናይሮቢ ወንዝ፣ ያም ከአቲ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ይወርዳል። በመንገዱም አትክልቱን የሚያጠጣበትና ከብቱን የሚያረካበት ገበሬ አለ። ከተማዋ ያላጣራችውን የሚቀበለው እርሱ ነው።