በኤም አር አይ ምርምር ወቅት ስለሚሰጥ የጋዶሊኒየም ኮንትራስት መድኃኒት ተሳታፊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ማግኔቲክ ሬዞናንስ ኢሜጂንግ፣ በተለምዶ አጠራሩ ኤም አር አይ፣ ያለ ኤክስሬይ ጨረር የሰውነትን ውስጣዊ ክፍል የሚያሳይ የምርመራ ዘዴ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ ጋዶሊኒየም ያለበት ኮንትራስት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ ለሕክምና ሲታዘዝ ጥቅሙም ሆነ ስጋቱ የታካሚው ነው። ለምርምር ሲሰጥ ግን ስጋቱን የሚሸከመው ተሳታፊው ሲሆን፣ ጥቅሙ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደፊት ለሚታከሙ ሰዎች ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት በምርምር እንዲሳተፍ የተጋበዘ ሰው የስምምነት ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ስለ መድኃኒቱ በቂ ግንዛቤ ሊኖረው ይገባል።

የመድኃኒቱ ምንነት

ጋዶሊኒየም የአቶም ቁጥሩ 64 የሆነ የብረት ዓይነት ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው ጋዶሊኒየሙ ራሱ አይደለም፤ በአጠገቡ ባለው ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮጅን ለማግኔቱ የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚያፋጥን መድኃኒቱ የደረሰበት ቦታ ደምቆ ይወጣል። ነፃ ጋዶሊኒየም በመጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ የካልሲየምን ሥራ ያውካል፤ መርዛማም ነው። በመሆኑም ለሰው የሚሰጠው አጥብቆ በሚይዘው ሌላ ሞለኪውል ታስሮ ነው። ያዡ ሞለኪውል ክፍት ሰንሰለት የሆነባቸው መድኃኒቶች ሊኒየር፣ ዝግ ቀለበት የሆነባቸው ደግሞ ማክሮሳይክሊክ ይባላሉ። ጋዶዲያማይድ ከመጀመሪያዎቹ፣ ጋዶቡትሮል ከሁለተኛዎቹ ይመደባል። ቀለበቱ ጋዶሊኒየሙን የሚለቅበት ዕድል እጅግ ያነሰ ነው።

የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊሞል ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊሞል የያዘ መድኃኒት ከሆነ፣ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ኩላሊቱ ጤናማ በሆነ ሰው አብዛኛው መድኃኒት በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወገዳል።

ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው። ለምሳሌ መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ ሕመም አዲስ ቁስል ሲፈጠር ደምን ከአንጎል የሚለየው መከላከያ ይሳሳል፤ ጋዶሊኒየሙ በዚያ ሾልኮ ስለሚገባ አዲሱ ቁስል ለጥቂት ሳምንታት ደምቆ ይታያል። አዲስ የሚሞከር መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህን ቁስሎች መቁጠር ነው። ሆኖም ቆጠራው ምርመራው እንዲደጋገም ስለሚያስገድድ ተሳታፊው የሚወስደው መጠንም አብሮ ይጨምራል።

ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገደዱ ግኝቶች

የመጀመሪያው የጋዶሊኒየም ኮንትራስት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 ለአገልግሎት ሲፈቀድ ከአዮዲን ኮንትራስት ይልቅ ለኩላሊት ሕሙማን እንደሚሻል ይታሰብ ነበር። ይህ እምነት ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያወፍርና የሚያደነድን፣ መገጣጠሚያን የሚያስር፣ አልፎም የውስጥ አካልን የሚጎዳ አዲስ በሽታ በሕክምና መጽሔት ተገለጸ። ኔፍሮጂኒክ ሲስተሚክ ፋይብሮሲስ የተባለው ይህ በሽታ ከጋዶሊኒየም ጋር ያለው ትስስር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ኩላሊት አስቀድሞ መመርመርና ጽኑ የሆኑትን መድኃኒቶች መምረጥ ከተጀመረ ወዲህ አዲስ ሕመምተኛ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ደጋግመው በወሰዱ ታካሚዎች አንጎል ውስጥ የምስል ለውጥ መታየቱን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ኩላሊታቸው ጤናማ በሆኑ ሰዎችም ጭምር ጥቂት ጋዶሊኒየም በአንጎልና በአጥንት እንደሚቀር፣ ከሊኒየር መድኃኒቶች የሚቀረውም እንደሚበልጥ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 በደም ሥር የሚሰጡ በርካታ ሊኒየር መድኃኒቶችን አግዷል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ሳያግድ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር ወስኗል። ኩላሊታቸው ጤናማ በሆኑ ሰዎች የቀረው ጋዶሊኒየም በቀጥታ ያስከተለው ጉዳት እስካሁን አልተረጋገጠም። ይህ ለሕክምና ለሚፈልገው ሰው የሚያጽናና ቢሆንም፣ ለራሱ ጥቅም ለማይወስደው የምርምር ተሳታፊ ግን በቂ መልስ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

ከመፈረም በፊት

በኢትዮጵያ ሰዎች የሚሳተፉበት የጤና ምርምር በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ ይኖርበታል፤ በመድኃኒት ላይ የሚደረግ ክሊኒካዊ ሙከራ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተሳታፊው የመድኃኒቱን ስምና ዓይነት፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው፣ በሰውነት ውስጥ ሊቀር የሚችል መሆኑ በቅጹ ላይ መጠቀሱን፣ ጉዳት ቢደርስ የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሊጠይቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ምርምሩ ያለ መድኃኒቱ ሊካሄድ ይችል እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። የአንጎልን የደም ፍሰት ለመለካት፣ ለምሳሌ፣ የራስን ደም በማግኔት ምልክት አድርጎ መከተል የሚያስችል፣ ምንም መርፌ የማይጠይቅ ዘዴ አለ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ፣ ከዚህ ቀደም በኮንትራስት መድኃኒት አለርጂ የገጠመው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምታስብ ሴት አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ ነፍሰ ጡር ሴት ለምርምር ብቻ ልትወስደው አይገባም። ወደ እናት ጡት ወተት የሚገባው መጠን ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጡት ማጥባትን ማቋረጥ በአብዛኛው አያስፈልግም።

ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ ከምርምሩ የመውጣት መብት አለው፤ መውጣቱም የሚያገኘውን መደበኛ ሕክምና ሊያስቀርበት አይችልም። ይሁንና አንዴ በደም ሥር የገባ መድኃኒት ስለማይመለስ ጥያቄ ያለው ሰው ከመርፌው በፊት ቢጠይቅ ይመረጣል።

ከመርፌው በኋላ የቅዝቃዜ ስሜት፣ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሊያጋጥም ይችላል። ከባድ አለርጂ እምብዛም ባይከሰትም ሲከሰት ፈጣን በመሆኑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በጤና ተቋሙ መቆየት ይመከራል። የመተንፈስ ችግር፣ የፊት እብጠት ወይም ሽፍታ የታየበት፣ መርፌው የተወጋበት ቦታም የሚያቃጥለው ሰው ወዲያውኑ ለባለሙያ መናገር አለበት። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና የተሰጠበት ቀን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ሌላ ጊዜ ኤም አር አይ ሲታዘዝለት ይህንን ለሐኪሙ ያሳያል። ቅሬታ ያለው ተሳታፊ በስምምነት ቅጹ ቅጂ ላይ በሰፈረው አድራሻ ምርምሩን ላጸደቀው ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል።