ከወጀት እስከ ፍኖተ ሰላም፦ አድራሻ የሚናገረው ታሪክ

በተመላላሽ ክፍል አንዲት አዛውንት ካርዳቸውን ይዘው ገቡ። አድራሻ በሚለው ቦታ «ወጀት» ተብሎ ተጽፏል። «እናቴ፣ ወጀት የት ነው?» ብላቸው ሳቁብኝ። «አዬ ልጄ! ፍኖተ ሰላምን አታውቂም?» የጎጃም ልጅ ሆኜ የከተማዋን የቀድሞ ስም ከታካሚ መማሬ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ማን ከየት መጣ የሚለውን መከታተል ልማዴ ሆነ።

ታሪኩ ከከተሞቹ ይቀድማል። ዳሞት የሚለው ስም ራሱ እኮ መጤ ነው። በመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከአባይ በስተደቡብ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ፣ ጋፋቶችን ጨምሮ ብዙ ሕዝብ ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም ገባ፤ ስሙም አብሮት ተሻገረ። ጋፋትኛ በ18ኛው መቶ ዓመት ገና ሕያው ስለነበር ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በዚያ ቋንቋ አስጽፎ ወስዷል። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ግን በብዙ ፍለጋ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ታዲያ የት ሄዱ? የትም አልሄዱም። ልጆቻቸው በአማርኛ አድገው ጎጃሜ ሆኑ። ምናልባት እኔም አንዷ ነኝ።

ቡሬን ያሳደጋት መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ እዚያ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በእንጅባራ አድርጎ በአገው ምድር ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። ጣሊያንም ምሽጉን የሠራው ለዚሁ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ግን አርበኞቹና የዊንጌት ጦር ሲያስጨንቁት ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከወር በኋላ ደብረ ማርቆስ ገቡ። የሸሸውም ያሳደደውም ያለፈው ዛሬ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» በምትባለው ከተማ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው በዛ። በ1987ቱ ቆጠራ ፍኖተ ሰላም ወደ 13 ሺህ 800 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ወደ 26 ሺህ ተጠጋች። በ12 ዓመት እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀራትም። የብር ሸለቆ እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ሳቡ። ቡሬ ውስጥ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተተከሉ። ከምሥራቅ ወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም አባይን ተሻግረው መጡ፤ ልክ እንደ ጋፋቶቹ፣ በዚያው አቅጣጫ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ የአካባቢውን ሰው ራሱን ከቀዬው እያፈናቀለ ነው።

ከ1999 ወዲህ ግን አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ክትባቱንም አጎበሩንም የምናቅደው ያንን አሮጌ ቁጥር በግምት እያሳደግን ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ የክትባት ሽፋን ሪፖርት ከ100 በመቶ በላይ የሚመጣው። ስናየው እንስቃለን እንጂ የሚያስቅ አይደለም፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ያልተቆጠሩ ልጆች አሉ።

እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። ወረፋ ሲበዛብኝ አድራሻ ላይ «ተፈናቃይ» ብቻ ጽፌ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። ተፈናቃይ ግን አገር አይደለም። ያቺ እናት ካርዳቸው ላይ «ወጀት» ባይባል ኖሮ ስሙን እስከ ዛሬ ላላውቀው እችል ነበር።

እንግዲህ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የባቼ ልጆች፣ አደራ፦ ሰውየው ከየት እንደመጣና አሁን የት እንደሚያድር ሁለቱንም ጻፉ። መምህሮቻችንም ተማሪዎቻችሁን ለመስክ ሥራ ስትልኩ ሰው ይቁጠሩ። ጋፋቶች ሲሻገሩ የመዘገባቸው አልነበረም። እኛ ግን ካርዱም እስክሪብቶውም በእጃችን ነው።